«አብሽር» እየተባልን ናይሮቢ ደርሰን መጣን

የኤጀንሲውን ስም አልጽፍም። አንደኛ ሰውየውን በሳምንት ሁለት ሦስቴ ፒያሳ ላይ አገኘዋለሁ። ሁለተኛ ገና የሚመልስልን ብር አለ። ግን ዘንድሮም ልጆቻችሁን «ዓለም አቀፍ የተማሪዎች ጉባኤ፣ ሙሉ ፓኬጅ፣ ከደሴ እስከ ደሴ» ተብሎ ብሮሹር ሲታደላቸው አይቻለሁና ያየሁትን ልንገራችሁ።

እኔ ደሴ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። የካቲት መጀመሪያ ላይ ስድስት ተማሪዎች ይዤ ናይሮቢ ሄጄ ነበር። የሄድነው የምስራቅ አፍሪካ ተማሪዎች የሞዴል ተመድ ጉባኤ ላይ ነው። ለማታውቁት፣ ሞዴል ተመድ ማለት ተማሪዎች የአንድ አገር ዲፕሎማት ሆነው እንደ ተባበሩት መንግሥታት ስብሰባ የሚከራከሩበት ነው። አገሩ የራስህ አይደለም፣ ይሰጥሃል። በዚያ አገር አፍ ትናገራለህ፣ የውሳኔ ሐሳብ ትጽፋለህ፣ ደጋፊ ትለምናለህ፣ ድምፅ ትሰጣለህ። ለእኛ የደረሰን ፊጂ ነው፣ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ያለች የደሴቶች አገር። ስድስቱም ልጆች ባሕር አይተው አያውቁም። ትልቅ ውሃ ሲባል በአእምሯቸው የሚመጣው የሐይቅ ሐይቅ ነው፣ እሱንም ለእስጢፋኖስ ንግሥ ወይ ለሽርሽር ሲሄዱ ነው ያዩት።

ከዋጋው ልጀምር፣ ሁሉም የሚጠይቀኝ እሱን ስለሆነ። በሰው 185 ሺህ ብር። ብር ሐምሌ 2016 ላይ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላር የሚባል ነገር ያለበት ዋጋ ሁሉ አልጨበጥ እንዳለ ታውቃላችሁ፣ ሰውየውም ይህን በደንብ ያውቃል፣ ቀብድ ስንከፍል የነበረው ዋጋና ቀሪውን ስንከፍል የነበረው ዋጋ አንድ አልነበረም። «ዶላሩ እኮ ነው መምህሬ፣ እኔ አይደለሁም።» የእኔን ወጪ ወላጆቹ ተከፋፍለው ሸፈኑ። አንዷ እናት እቁቧን ተለማምጣ ቀድማ አወጣች። ይህን የምነግራችሁ ከዚህ በኋላ የምለው ነገር በማን ኪስ እንደተሠራ እንድታውቁ ነው።

ቢሮው ሲገቡ ደስ ይላል። ወንበሩ ለስላሳ ነው፣ ቡናው ቶሎ ይመጣል፣ ግድግዳው ላይ የአውሮፕላን ክንፍ ፎቶ አለ። ሰውየው ጨዋ ነው፣ ይህን አልክደውም። ምንም ብትጠይቁት መልሱ አንድ ነው፣ «አብሽር»። ፓስፖርቱ ይደርሳል ወይ? አብሽር። ሆቴሉ ቅርብ ነው? አብሽር፣ 10 ደቂቃ። የጾም ምግብ አለ? ሐላል አለ? አብሽሩ፣ ናይሮቢ ምን የማይገኝ አለ። ወሎዬ ሆኖ አብሽር ሲሉት የማይረጋጋ የለም፣ እኔም ተረጋጋሁ።

መጀመሪያ ያልተረጋጋችው የአንዱ ልጅ እናት ናት። ነርስ ናት። ልንሄድ 12 ቀን ሲቀረን ደወለችልኝ። «መምህር፣ ልጆቹ የቢጫ ወባ ተከትበዋል?» እኔ የማውቀው ነገር የለም። ወረቀቱ ላይ የለም። ሰውየው ጋ ደወልኩ፣ «እሱ እንኳን ብዙ ጊዜ አይጠይቁም፣ አብሽር።» ሴትዮዋ ግን አልተበገረችም። ኬንያ ከኢትዮጵያ የሚገባን ሰው ቢጫውን ካርድ ትጠይቃለች፣ ካርዱ ደግሞ ሥራ ላይ የሚውለው ከተወጉ ከ10 ቀን በኋላ ነው አለችኝ። በሁለት ቀን ውስጥ የሚሰጥበትን ቦታ አፈላልጋ ሁሉንም አስወጋች፣ እኔንም ጭምር። ናይሮቢ ስንወርድ ከፓስፖርቱ በፊት የተጠየቅነው ካርዱን ነው። ካርድ የሌላቸውን ወደ ጎን ሲያወጧቸው ሳይ ሰውነቴ ቀዘቀዘ። አንዴ የተወጋ ለዕድሜ ልኩ ነው፣ ከ2016 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ጀምሮ የ10 ዓመት ገደቡ ቀርቷል፣ ስለዚህ ወጪው አንድ ጊዜ ነው። የሚሄድ ልጅ ያላችሁ ከአውሮፕላን ትኬቱ በፊት ይህን ጨርሱ።

ከዚያ ፓስፖርት የምታየዋ ልጅ ጋ ደረስን። እኔ የቪዛ ወረቀት ስላልተሰጠኝ ሆዴ እየተረበሸ ነበር። ሰባታችን ቆመናል፣ ስድስቱ ልጆች ናቸው፣ የወላጅ ፈቃድ በውልና ማስረጃ የጸደቀውን ፋይል እንደ ታቦት ይዤዋለሁ። «ቪዛችን...» ብዬ ጀመርኩ። ፓስፖርቱን ገልበጥ አድርጋ አየችና ለኢትዮጵያ ቪዛ የለም አለች። ማኅተሙን ረግጣ ረግጣ መለሰችልን። ልጆቹ ደስ ብሏቸው አለፉ። እኔ ግን ቦርሳዬ ውስጥ ያለው ደረሰኝ ትዝ አለኝ። ተራ ቁጥር 4፣ «የቪዛ ጉዳይ ማስፈጸሚያ፣ በሰው 9,000 ብር»። ለሰባት ሰው 63 ሺህ ብር! ኢትዮጵያዊ ያለ ቪዛ የሚገባበት አገር ላይ! እኔ እንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ፣ አንብቤ ማወቅ ነበረብኝ፣ ጥፋቱ የእኔም ነው። ስመለስ ስጠይቀው የሰጠኝን መልስ በኋላ እነግራችኋለሁ።

ጉዞው ራሱ? «ከደሴ እስከ ደሴ» ማለት ከአዲስ አበባ እስከ አዲስ አበባ ማለት ሆኖ ተገኘ። እስከ ቦሌ በአውቶቡስ ነው አለን። ወላጆች በዚህ ጊዜ 400 ኪሎ ሜትር ልጆቼን በመንገድ አልልክም አሉ፣ ስለዚህ ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን ለመሄድ እንደገና ተከፈለ። በንጋት ሐረጎን ስንወርድ ጉሙ መኪናውን ውጦት፣ ልጆቹ በመስኮት እየጮኹ ፎቶ ሲያነሱ፣ አንዱ ደግሞ ገና ኮምቦልቻ ሳንደርስ ሲያስመልሰው... ይህን በአጭሩ ልለፈው። ከኮምቦልቻ ቦሌ አንድ ሰዓት አይሞላም፣ ከቦሌ ናይሮቢ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ከሁሉም የረዘመው ሐረጎ ነው።

አንድ ነገር ግን ማንም ያልነገረን አለ። ኬንያ ከ2017 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ጀምሮ ፌስታል ከልክላለች። የእኛ ልጆች ደግሞ እናቶቻቸው በሶውን በፌስታል፣ ቆሎውን በፌስታል፣ ዳቦ ቆሎውን በፌስታል፣ ጫማውን በፌስታል አድርገው ነው የላኳቸው። ቦሌ ላይ አንድ ሐበሻ ተሳፋሪ አይቶን ነገረን። የመጠባበቂያ አዳራሹ ወለል ላይ ተቀምጠን ቆሎውን ወደ ነጠላ፣ በሶውን ወደ ውሃ ኮዳ ገለበጥን። አንዷ ልጅ ካልሲ ውስጥ ከተተች፣ አዲስ ካልሲ ነው ብላ ምላ። የበሶው ዱቄት ጥቁር ሱሪዬ ላይ እስከ ናይሮቢ አብሮኝ ሄደ። በኋላ ስናየው ከጉባኤው ርእሶች አንዱ የፕላስቲክ ብክለት ነበር። ያውም የፕላስቲክ ስምምነት ይዘጋጅ የሚለው ውሳኔ በ2022 የጸደቀው እዚያው ናይሮቢ ነው። ያቺው ተማሪ ንግግሯን በካልሲዋ ጀመረች፣ አዳራሹ ሳቀላት።

ሆቴሉን በተመለከተ፣ ንጹሕ ነው፣ ውሃ አለ፣ አልጋው ጥሩ ነው። ግን «10 ደቂቃ» የተባለው እኩለ ሌሊት ላይ ይሆን ይሆናል። ሆቴሉ መሀል ከተማ ነው፣ ጉባኤው ጊጊሪ ነው፣ ከከተማው በስተሰሜን። የናይሮቢን የጠዋት መንገድ ያየ ሰው የእኛን የሰኞ ገበያ ግርግር ይናፍቃል። ቁርስ ላይ ቋሊማ ይቀርባል፣ የምን እንደሆነ የሚነግር የለም። ከስድስቱ ሦስቱ ሙስሊም፣ ሦስቱ ክርስቲያን ናቸው፣ የተሄደበት ሳምንት ደግሞ ረቡዕና ዓርብ አለው። ስለዚህ ቋሊማውን ማንም አልነካው። ያዳነን ማንዳዚ ነው። ቦንቦሊኖ ማለት ነው፣ ማዕዘን ያለው ቦንቦሊኖ። ከሻይ ጋር። የሆቴሏ ምግብ አብሳይ ነገሩ ሲገባት ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ባቄላና ቻፓቲ ለብቻ ታወጣልን ነበር፣ ማንም ሳያዛት። ለእሷ 10 ከ10።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ኤጀንሲው የጉባኤውን ፕሮግራም በአማርኛ ተርጉሞ፣ አሳምሮ፣ በቀለም አትሞ ሰጥቶናል። ኮራንበት። የመጀመሪያው መስመር «ምዝገባ፦ 8፡00 ሰዓት» ይላል። በአማርኛ የተጻፈ 8 ሰዓት እኔ ምሳ ተበልቶ ካለቀ በኋላ ነው የሚመጣልኝ። ስለዚህ ያን ቀን ጠዋት ልጆቹን አስተኛኋቸው፣ ደክሟቸዋል፣ እኔ ሸሚዜን አጥቤ መስኮት ላይ ሰቅዬ በካናቴራ ወደ ግቢው ወጣሁ። አንድ ሰዓት አካባቢ ነው። በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ አየኝና ደነገጠ። «ምዋሊሙ! ሳ ምቢሊ! ሳ ምቢሊ!» ሁለት ጣቱን ፊቴ ላይ አቆመ። ከኋላው ሱፍ የለበሱ፣ አንገታቸው ላይ ባጅ ያንጠለጠሉ ልጆች አውቶቡስ እየገቡ ነው።

ሁለት ጣት። ሳ ምቢሊ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ስዋሂሊዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛ ከንጋት ጀምረው ነው። የእነሱ ሳ ምቢሊ የእኛ 2 ሰዓት ነው፣ የፈረንጅ 8። ተርጓሚው ቃሉን ተርጉሞ ሰዓቱን ረስቶታል! ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። እርጥብ ሸሚዝ ለበስኩ። ልጆቹ አንዱ ክራቫት በእጁ፣ አንዷ ጫማዋን በእጇ፣ «ቲቸር ምን ሆነ?» እያሉ ወረዱ። ዘበኛው አውቶቡሱን አስቁሞልናል። ከሞምባሳ የመጡ ተማሪዎች ናቸው፣ መምህራቸው ምንም ሳትጠይቅ በመቀመጫ ሦስት ሦስት አድርጋ ጫነችን። አንዷ ሙስሊም ተማሪዬ መንገድ ላይ ፈገግ ብላ «ቲቸር፣ ምዋሊሙ ያለህ እኮ ሙአሊም ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ቃሉ አንድ ነው፣ ከዐረብኛ የመጣ፣ መምህር ማለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቲቸር መባሌ ቀርቶ ምዋሊሙ ሆኛለሁ፣ ደሴም ድረስ ተከትሎኛል። ምዝገባው ሊዘጋ ሲል ደረስን።

የተመድ ግቢው ጊጊሪ፣ ልንገራችሁ፣ በቴሌቪዥን ከምታዩት ይበልጣል። ተመድ ከኒውዮርክ፣ ከጄኔቫና ከቪየና ጋር አራተኛ ብሎ የሚቆጥረው ዋና ጽሕፈት ቤት ነው፣ የአካባቢ ጥበቃው ድርጅት ዩኔፕና የከተሞች ጉዳይ የሚባለው ሃቢታትም መቀመጫቸው እዚያ ነው። የአባል አገሮች ባንዲራ በሰልፍ ተተክሏል። ልጆቹ የኢትዮጵያን ፈልገው ፎቶ ተነሱ፣ ከዚያ አንዱ «እኛ እኮ ፊጂ ነን» ብሎ ሁሉንም ጎትቶ ሰማያዊዋን ባንዲራ ፍለጋ ሄደ።

ጉባኤውን ስመዝነው የማይጥመኝም አለ። የኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት ልጆች እንግሊዝኛውን እንደ ውሃ ይጠጡታል። ሕጉን ያውቁታል። መቼ እጅ እንደሚነሳ፣ መቼ ጥያቄ እንደሚጠየቅ፣ ለሌላ ልዑክ ማስታወሻ እንዴት እንደሚላክ፣ በወረቀት ነው የሚላከው፣ ተላላኪ ተማሪ አለ። የእኛ ልጆች የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ የአገር ስም የተጻፈበትን ካርዳቸውን ከፍ አድርገው ማውረድ እስኪያቅታቸው አልተጠሩም፣ ሲጠሩም ወረቀት አነበቡ። ኤጀንሲው «የሁለት ቀን ሥልጠና» ብሎ ያስከፈለን ስለ አለባበስና ስለ ሹካ አያያዝ ነበር። ስለ ውሳኔ ሐሳብ አጻጻፍ አንድ ገጽ አልነበረውም። እኛ ራሳችን ቅዳሜ ቅዳሜ ላይብረሪ ውስጥ ያጠናነው ባይኖር አንገታችንን ደፍተን እንመለስ ነበር። በመንግሥት ትምህርት ቤት ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ይማራሉ ይባላል፣ ግን ልጁ በእንግሊዝኛ ተከራክሮ ያውቃል ወይ? አያውቅም። እኔ ራሴ ስንቴ አከራክሬያቸዋለሁ?

ሁለተኛው ቀን ላይ ግን የአካባቢ ጉዳይ ኮሚቴ ውስጥ አንዷ ተማሪዬ ተጠራች። የካልሲዋ ልጅ ናት። የተዘጋጀችበት ወረቀት ነበራት። ስለ ቩኒዶጎሎአ ነው። ፊጂ ውስጥ ያለ መንደር ነው፣ ባሕሩ እየገባበት አስቸግሮ በ2014 እንደ ፈረንጁ መላው ነዋሪ ወደ ላይ፣ ወደ ደጋው ተዛወረ። ወረቀቱን አንብባ ልትቀመጥ ስትል አንድ ልጅ ተነስቶ ሰው ከአያት ከቅድመ አያቱ መሬት መንቀል መፍትሔ ነው ወይ ብሎ ጠየቃት። ጥያቄው ወረቀቷ ላይ የለም። ዝም አለች። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ጣቴን እነክሳለሁ። ከዚያ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ደፋችውና በራሷ እንግሊዝኛ፣ ሰዋስዉ የተንጋደደ፣ ጀመረች። ሰው ቤቱን የሚለቀው ፈልጎ አይደለም አለች። ክረምት ሲመጣ ግድግዳው ይሰነጠቃል፣ መጀመሪያ በጭቃ ትደፍነዋለህ፣ ሁለተኛ ዓመት ላይ በሩ አልዘጋ ይልሃል፣ ከዚያ ልጆችህን ዘመድ ቤት ታስተኛለህ፣ አንተ ግን እዚያው ታድራለህ፣ ምክንያቱም ጎረቤትህ እዚያ ነው። ለመዛወር ቦታ ብቻ አይበቃም፣ ጎረቤቱም አብሮ መዛወር አለበት አለች።

አዳራሹ ፊጂን እየሰማ ነው። እኔ ግን የምሰማው ደሴን ነው። መሬት የሚንሸራተትባቸውን ሰፈሮቻችንን የሚያውቅ ሰው ይገባዋል፣ በሩ አልዘጋ ያለው የአክስቷ ቤት ነው። ልጁ ብሩስ ከየት ይመጣል ብሎ ደገመ። በ2022 ሻርም ኤል ሼክ በተደረገው የአየር ንብረት ጉባኤ ላይ የጉዳት ማካካሻ ፈንድ ይቋቋም ተብሎ የለም እንዴ፣ ቃል የገቡት ይክፈሉ ብላ ተቀመጠች። ሰብሳቢዋ መዶሻዋን መታ አድርጋ ወደ ቀጣዩ አለፈች፣ ማጨብጨብ ሕጉ አይፈቅድም። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ግን ተላላኪው 11 ቁራጭ ወረቀት አመጣላት። ቆጥራቸዋለች። «አብረን እንጻፍ» የሚሉ ናቸው አብዛኞቹ። አንዱ ብቻ ስልክ ቁጥር ነው የጠየቀው፣ እሱን እኔ ወሰድኩት።

ውሳኔ ሐሳባቸው በጥቂት ድምፅ ወደቀ። ሽልማትም አላገኙም። ሁሉም ግን በሚቀጥለው ዓመት እንሄዳለን ይላሉ፣ ከሁሉም በላይ የሚለው ሐረጎ ላይ ያስመለሰው ነው። ስለዚህ ለጉባኤው ከ10 ውስጥ 8 እሰጣለሁ። ሁለቱን የቀነስኩት የምዝገባው ክፍያ በዶላር ስለሆነና አዲስ ለመጣ ትምህርት ቤት ሕጉን ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ሰው ስላጣሁ ነው።

ለኤጀንሲው 3። አንዱ ለቡናው፣ ሁለቱ ትኬቱ በሰዓቱ ስለደረሰልን። ቀሪው የእኛ ሥራ ነበር። ያወቅኩት ምን መሰላችሁ፣ ጉባኤው ላይ የሚመዘግበው ትምህርት ቤቱ ራሱ ነው፣ በኢሜይል። ደላላ አያስፈልገውም። ፓስፖርቱን ወላጅና ልጅ የልደት ሰርተፍኬት ይዘው ራሳቸው ሄደው ነው የሚያወጡት፣ ማንም ቢከፈለው አሻራ አይሰጥላቸውም። ቪዛ የለም። የሚቀረው ትኬትና ሆቴል ነው፣ ሆቴሉንም ጊጊሪ አጠገብ ብትይዙ ለመኪና የምታወጡት ይቀርላችኋል። ሞቅ ያለ ጃኬት ያዙ ብሎ ወረቀቱ ላይ የጻፈውንም አትስሙ። የደሴን የጥር ብርድ የቻለ ልጅ ናይሮቢ ላይ ጃኬቱን በክንዱ ይዞ ነው የሚዞረው። በሶ ያዙ። በጨርቅ ከረጢት።

የቪዛውን ነገር እነግራችኋለሁ ብዬ ነበር። ስንመለስ ከሁለት ወላጆች ጋር ቢሮው ሄድን። ደረሰኙን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። አየው፣ መነጽሩን አወለቀ፣ እንደገና አየው። «መምህሬ፣ እኛ እኮ ቪዛ አላልንም፣ የቪዛ ጉዳይ ነው ያልነው። ጉዳዩን አስፈጽመናል፣ አያስፈልግም የሚለውን አረጋግጠናል።» ነርሷ እናት ሳቋ አመለጣት። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ። ከብዙ ክርክር በኋላ ግማሹን እመልሳለሁ አለ። በኋላ ስንወጣ በሩ መስታወት ላይ የእኛን ልጆች ፎቶ ባንዲራው ሥር እንደቆሙ ለጥፎት አየን፣ «በእኛ በኩል የሄዱ» ይላል። ከወላጆች ማንም አልፈቀደለትም፣ አንሳው አልነው፣ አነሳዋለሁ አለ።

ባለፈው ሳምንት ሳልፍ ፎቶው አሁንም አለ። ገባሁና ብሩን ጠየቅኩት። ማክሰኞ ና አለኝ። የትኛው ማክሰኞ ብለው፣ አብሽር አለኝ።